አንድ ግስ፣ ሦስት ሥር፦ የላቲኑን «ፌሮ» ደረጃ በደረጃ እንፍታው

ቤት ሲሠራ ያየ ሰው «ፌሮ» ሲባል አይጠፋውም። የኮለኑ ብረት ነው። ከፌሮው ክምር አጠገብ ሁለት የቀን ሠራተኞች ፊትና ኋላ ሆነው ባሬላ ተሸክመው ያልፋሉ። ባሬላው ላይ የተቦካ ሲሚንቶ አለ፤ የፊተኛው ትንሽ ሲያዘነብል የኋለኛው «ቀስ!» ይለዋል። ፌሮም ባሬላም ከጣሊያንኛ ወደ እኛ የገቡ ቃላት ናቸው።

ዛሬ የምንፈታው የላቲን ግስም «ፌሮ» ነው። ትርጉሙ «እሸከማለሁ» ማለት ነው። ታዲያ ዘመዱ የትኛው ይመስላችኋል? ብረቱ ወይስ ባሬላው? ጆሮ ብረቱን ይላል። መልሱ ግን ባሬላው ነው። ምክንያቱን ደረጃ 2 ላይ ታገኙታላችሁ።

እኔ ላቲን የጀመርኩት በግእዝ ምክንያት ነው። የግእዝ ቃል ጠለቅ ብሎ ማጥናት የሚፈልግ ሰው አንድ ቀን የኦገስት ዲልማን መዝገበ ቃላት ላይ መድረሱ አይቀርም። በ1865 እ.ኤ.አ. ላይፕዚግ ላይ የታተመ ትልቅ ሥራ ነው። ግእዙ በራሱ ፊደል ተጽፏል፣ ፍቺው ግን በላቲን ነው። ከሱ 200 ዓመት ቀደም ብሎ ሂዮብ ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ ተምሮ ያዘጋጀው መዝገበ ቃላትም እንደዚያው ነው፤ እሱ የታተመው በ1661 እ.ኤ.አ. ለንደን ነው። መጽሐፉን ገልጬ ግእዙን እያነበብኩ ፍቺው ላይ ስቆም ከልቤ ቆጨኝ። ያን ቀን ነው ላቲን ለመማር የቆረጥኩት።

ስጀምር ብዙ ግስ በአንዴ ለመሸምደድ ሞከርኩ። አልያዘልኝም። የጠቀመኝ አንድ አስቸጋሪ ግስ ይዞ እስከ መጨረሻው መበርበር ነው። ለዚህ ደግሞ ከፌሮ የተሻለ አላየሁም። ደብተርና እስክሪብቶ አዘጋጁ። ላቲኑን በግእዝ ፊደል ነው የምጽፈው። «ፌርሬ» ስል ር ይጠብቃል፤ እንዳይረሳ ብዬ ነው ሁለቴ የምጽፈው።

ደረጃ 1፦ አራቱን ቅርጾች ጻፉ

የአማርኛ መዝገበ ቃላት ግስን የሚያስገባው በ«እሱ» ኃላፊ ጊዜ ነው፤ ሄደ፣ በላ፣ ተሸከመ እያለ። ላቲን የሚጀምረው በ«እኔ» ነው። እሄዳለሁ፣ እበላለሁ፣ እሸከማለሁ እንደ ማለት። ከዚያ ሦስት ቅርጽ ይጨምራል። ለማንኛውም ግስ አራቱን ሳትጽፉ አትለፉ።

መጀመሪያ መደበኛ የሆነ ግስ እንይ። «ፖርቶ» ማለትም እሸከማለሁ ማለት ነው፦

ፖርቶ (እሸከማለሁ)፣ ፖርታሬ (መሸከም)፣ ፖርታዊ (ተሸከምኩ)፣ ፖርታቱም።

አራተኛው ለብቻው ብዙም አይነገርም። ግን «የተሸከሙት» የሚለው ዓይነት ቅጽል የሚወጣው ከሱ ስለሆነ አስፈላጊ ነው። ሁሉም ላይ «ፖርታ» የሚለው ግንድ ፊት ለፊት ይታያል። ትራንስፖርት፣ ኢምፖርት፣ ኤክስፖርት፣ ፖርተር የሚሉት ሁሉ ከዚሁ ግንድ ናቸው።

አሁን የኛን ግስ ጻፉ፦

ፌሮ (እሸከማለሁ)፣ ፌርሬ (መሸከም)፣ ቱሊ (ተሸከምኩ)፣ ላቱም።

ፌር፣ ቱል፣ ላት። የሚገናኙ አይመስሉም። ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ ነው ደብተሩን የሚዘጋው። እናንተ አትዝጉ።

ደረጃ 2፦ እያንዳንዱን ግንድ ወደ ሥሩ ውሰዱት

ይህን የሚመስል ነገር አማርኛም አለው። «ቤት አለኝ» እንላለን። ትናንት ከሆነ «ቤት ነበረኝ»። ነገ ከሆነ «ቤት ይኖረኛል»። አለ፣ ነበረ፣ ይኖራል፤ ለዓይን ሦስት የተለያዩ ግሶች ይመስላሉ። ልጆቻችን ግን ግራ ሳይገባቸው በአራት ዓመታቸው ይናገሩታል። «መጣ» ደግሞ ትእዛዝ ላይ ሲደርስ «ምጣ» አይልም፤ «ና» ይላል፤ ለሴት «ነይ»፣ ለብዙ «ኑ»። አሉታው ግን «አትምጣ» ነው። እንግዲህ አንዱ ግስ በጎደለበት ሌላው ገብቶ ይሞላል ማለት ነው። ይህን ከያዛችሁ የፌሮ ባሕርይ ገብቷችኋል። እያንዳንዱን ለየብቻ እንየው።

ፌር። ላቲን፣ ግሪክ፣ ሳንስክሪት፣ አርመንኛ፣ ፋርስኛና እንግሊዝኛ ኢንዶ አውሮፓዊ የሚባል አንድ ጥንታዊ ቤተሰብ ናቸው። በዚያ ቤተሰብ «መሸከም» የሚለው ሥር በትንፋሽ በሚወጣ ብ ይጀምር ነበር። ያ ድምፅ ላቲን ውስጥ ቃል ሲጀምር ፍ ሆነ። ግሪክም ዛሬ ፍ ይለዋል። በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ በኩል ብ ሆኖ ቀረ። ጣሊያኑ «ፍራቴሎ» ሲል እንግሊዙ «ብራዘር» የሚለው በዚሁ ሕግ ነው። ስለዚህ ላቲን ፌሮ፣ ግሪክ ፌሮ፣ ሳንስክሪት ባራቲ፣ አርመንኛ ቤሬም፣ ፋርስኛ ቦርዳን፣ እንግሊዝኛ ቤር፤ ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

አሁን ወደ ባሬላው እንመለስ። ጣሊያንኛው «ባሬላ» የወጣው «ባራ» ከሚል ቃል ነው። ባራ የሬሳ ቃሬዛ ነው። ቃሉን ወደ ጣሊያን ያመጡት ከሰሜን የወረዱት ሎምባርዶች ናቸው። የነሱ ቋንቋ ከጀርመን ወገን ስለሆነ ብ ይዞ መጣ። እናም ሁለቱ ሠራተኞች የያዙት ባሬላ የፌሮ የአክስት ልጅ ነው። ብረቱ ግን «ፌሩም» ከሚል ሌላ የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ ከመሸከም ጋር ዝምድና የለውም።

ቱሊ። ይህ ከሌላ ሥር ነው። የሥሩ ስሜት ማንሳት፣ ችሎ መያዝ ነው። «ቶለራሬ» (መታገሥ) ከዚሁ ነው፤ ቶለራንስ የምንለው ከሱ ይመጣል። በግሪክ በኩል ደግሞ ሚዛንና የክብደት መለኪያ የነበረው «ታላንቶን» ከዚህ ሥር ወጣ። ማቴዎስ 25 ላይ ጌታው ለባሮቹ ያከፋፈለው እሱን ነው። እኛ «መክሊት» ብለን ተረጎምነው፤ ፈረንጁ ከዚያው ምሳሌ ተነሥቶ ተሰጥኦን «ታለንት» አለው። እኛም «መክሊቱን ቀበረ» ስንል ያንኑ ማለታችን ነው።

ላቱም። ይህ ደግሞ የቱሊ ወንድም ነው። ጥንት «ትላቱም» ነበር። ላቲን ቃልን በ«ትል» መጀመር ስለማይወድ ት ወደቀ። ስለዚህ ሦስት ግንድ ቢመስልም ሥሩ ሁለት ነው። ርእሱ ላይ ሦስት ያልኩት ለዓይን ሦስት ስለሚመስል ነው፤ እዚህ ጋ እርማቱን ደብተራችሁ ላይ ጻፉ።

ደረጃ 3፦ የአሁኑን ጊዜ እርቡ

ጮክ ብላችሁ በሉት። የቆሎ ተማሪ ግስ ሲወርድ በድምፅ ነው፤ ለላቲንም ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም።

ፌሮ (እሸከማለሁ)
ፌርስ (ትሸከማለህ፣ ትሸከሚያለሽ)
ፌርት (ይሸከማል፣ ትሸከማለች)
ፌሪሙስ (እንሸከማለን)
ፌርቲስ (ትሸከማላችሁ)
ፌሩንት (ይሸከማሉ)

ላቲን በግሱ ላይ ወንድና ሴት አይለይም። «እርስዎ» የሚል የአክብሮት መደብም በጥንቱ ላቲን የለም። ለንጉሥም ለልጅም ፌርስ ነው።

ሌሎቹ የዚህ ክፍል ግሶች መሃል ላይ «ኢ» ያስገባሉ። «ሬጎ» (እገዛለሁ) ሬጊስ፣ ሬጊት ይላል። በዚያ ሒሳብ የኛም «ፌሪስ፣ ፌሪት» መሆን ነበረበት። አይደለም። መምህራን «ኢመደበኛ ነው፣ ያዙት» ብለው ያልፋሉ። እኔ ግን አንድ መስመር ሕግ አለው ባይ ነኝ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ር፣ ስ ወይም ት ከሆነ አናባቢው ይወድቃል። በቃ። ፌርስ፣ ፌርት፣ ፌርቲስ፣ ፌርሬ። ቀጥሎ የሚመጣው ም ከሆነ አይወድቅም፤ ፌሪሙስ።

«ፌርሬ» ውስጥ ያለው ሁለተኛው ር ጥንት ስ ነበር። «ፌርሴ» ማለት ነው። ስ ከር ኋላ ሲመጣ ተዋጠና ር ሆነ። ያው ስ «ኤሴ» (መሆን) በሚለው ግስ ላይ ዛሬም አለ።

ትእዛዙ አጭር ነው። ለአንድ «ፌር!» ለብዙ «ፌርቴ!»። አናባቢያቸውን የጣሉ የአንድ ሰው ትእዛዞች አራት ናቸው፤ ዲክ (በል)፣ ዱክ (ምራ)፣ ፋክ (አድርግ)፣ ፌር (አምጣ)። በቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚባሉ ናቸውና ማጠራቸው አያስገርምም።

ደረጃ 4፦ የቀሩትን ጊዜዎች ጨምሩ

እዚህ ፈጠን እንበል፤ አስቸጋሪው አልፏል።

ይሸከም ነበር የሚለው «ፌሬባት» ነው። የእኔው «ፌሬባም»። ትንቢቱ «ፌራም» (ወደፊት እሸከማለሁ)፣ «ፌሬስ»፣ «ፌሬት» እያለ ይሄዳል። ሁለቱም ከሬጎ ጋር አንድ ናቸው።

ኃላፊው ቱሊ፣ ቱሊስቲ፣ ቱሊት፣ ቱሊሙስ፣ ቱሊስቲስ፣ ቱሌሩንት ነው። እነዚህ መድረሻዎች ለላቲን ግስ ሁሉ አንድ ናቸው። አንዴ ከያዛችኋቸው ለሁልጊዜ ነው። «ተሸክሜ ነበር» ለማለት «ቱሌራም» በሉ።

የጥንት የላቲን ቴአትር ጸሐፊዎች ቱሊን «ቴቱሊ» ይሉት ነበር፤ የመጀመሪያውን ድምፅ ይደግሙታል። በኋላ መደጋገሙ ቀረ። አንድ ቦታ ግን ርዝራዡ አለ፤ ደረጃ 7 ላይ አሳያችኋለሁ።

ደረጃ 5፦ ትርጉሙን ከዐረፍተ ነገሩ አውጡ

«መሸከም» ብላችሁ ብቻ ከያዛችሁ ትሳሳታላችሁ። ደስ የሚለው፣ አማርኛ አብዛኛውን መንገድ አብሮ መሄዱ ነው።

መቻል፣ መታገሥ። እኛ «ቻል አድርጊው» ስንል ሸክም የለም፤ ላቲንም ሐዘንን «ይፌራል»። መውሰድ። «ይህ መንገድ ወዴት ይወስዳል?» እንላለን፤ ላቲንም መንገድን «ፌርት» ይለዋል። ማምጣትም አለ፤ በተለይ ትእዛዙ «ፌር!» ብዙ ጊዜ «አምጣ!» ነው። ወሬ መሸከም ደግሞ አለ። «ፌሩንት» ብቻውን ቆሞ «ይላሉ» ማለት ይሆናል። የጥንት ታሪክ የሚያነብ ሰው ይህን ካላወቀ ማን ምን እንደተሸከመ ሲፈልግ ይውላል።

ማፍራትም አለ። ዮሐንስ 15፥5 በላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ «ሂክ ፌርት ፍሩክቱም ሙልቱም» ይላል። ሂክ ማለት እርሱ፣ ፍሩክቱም ፍሬን፣ ሙልቱም ብዙ። አማርኛው «እርሱ ብዙ ፍሬ ያፈራል» ነው። ዛፉ ፍሬውን ይሸከማል ማለት ነው። ግን ተጠንቀቁ፤ የኛ «ፍሬ» ከግእዙ «ፈረየ» የመጣ የሴም ቋንቋ ቃል ነው። ዕብራይስጡም «ፕሪ» ይላል። ከፌርሬ ጋር መመሳሰሉ የአጋጣሚ ነው።

ትርጉም ሲሰፋ ማየት ከፈለጋችሁ ከቤታችን አንድ ልጨምር። የግእዙ «ጾረ» ትርጉሙ ተሸከመ ነው። አማርኛ ውስጥ «ጦረ» ሆነ። ልጅ እናቱን ጦረ ሲባል በእርጅናዋ ተሸከማት፣ ደገፋት ማለት ነው። ጧሪ አጣ እንላለን። ጡረታም ከዚሁ ነው። ይህን ሳውቅ አያቴ በየወሩ ወረፋ ይዛ የምትቀበላት ገንዘብ ስሟ ለምን ጡረታ እንደሆነ ገባኝ።

ደረጃ 6፦ ተገብሮውንና ቅጽሎቹን ያዙ

ተገብሮ (ተሸከመ ሳይሆን ተሸከሙት እንደ ማለት) በአሁኑ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ፌሮር፣ ፌርሪስ፣ ፌርቱር፣ ፌሪሙር፣ ፌሪሚኒ፣ ፌሩንቱር። ሕጋችን እዚህም ይሠራል፤ ርና ት ፊት አናባቢው ወድቋል። «ፌርቱር» ማለት ይወሰዳል ነው። ብዙ ጊዜ ግን «ይባላል» ብላችሁ ብትፈቱት ትክክል ትሆናላችሁ።

መሸከሙን በተገብሮ ስንለው «ፌርሪ» ነው። እዚህ ጋ የመጀመሪያው ብረት ተመልሶ ይመጣል። «የብረት» ለማለትም «ፌርሪ» ነው የሚባለው፤ አጻጻፉ አንድ ነው። ከፊቱና ከኋላው ያለውን ሳታዩ አትፍረዱ።

ቅጽሎቹ አራት ናቸው። ፌሬንስ (የሚሸከም)፣ ላቱስ (የተሸከሙት)፣ ላቱሩስ (ሊሸከም ያለ)፣ ፌሬንዱስ (ሊሸከሙት የሚገባ)። «ላቱስ» ሰፊ ማለትም ይሆናል። እሱ ሌላ ቃል ነው።

የመጨረሻውን በደንብ ያዙት። «ሬ» ማለት ወደ ኋላ፣ መልሶ ነው። «ሬፌሬንዱም» ማለት «ተመልሶ ሊቀርብ የሚገባው ጉዳይ» ማለት ነው። ዲፕሎማቶች በራሳቸው መወሰን ያልቻሉትን ጉዳይ ለላካቸው መንግሥት ሲመልሱ የሚጠቀሙበት አባባል ነበር። በኋላ ጉዳዩ ለሕዝብ ሲመለስ ስሙ ሆነ። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ፣ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲዳማ ውስጥ ሕዝብ የተሰለፈበት «ሪፈረንደም» ይህ የላቲን ቅጽል ነው።

ደረጃ 7፦ ቅድመ ቅጥያዎቹን ቀጥሉበት

ይህን ደረጃ በጣም እወደዋለሁ፤ የሰፈር ቃላት የሚመጡት እዚህ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። አጭሩን ቅጥያ ፌሮ ፊት አስቀምጡ። ከዚያ ያንኑ ቅጥያ ቱሊና ላቱም ፊትም አስቀምጡ።

ሬፌሮ፣ ሬቱሊ፣ ሬላቱም፤ መልሶ መውሰድ። ከጤና ጣቢያ «ሪፈር ተጻፈልኝ» ሲባል ይህ ግስ ነው። ሥራ ስናመለክት የምንጠየቀው ሪፈረንስም እንደዚሁ። «ሬቱሊ» ውስጥ ያለው ት ይጠብቃል። «ሬቴቱሊ» ከሚለው ጥንታዊ ቅርጽ የቀረች ምልክት ናት። ደረጃ 4 ላይ ቃል የገባሁት ይህን ነው።

ትራንስፌሮ፣ ትራንስቱሊ፣ ትራንስላቱም፤ አሻግሮ መውሰድ። ገንዘብ በባንክ «ትራንስፈር» ይደረጋል። ንግግር ደግሞ በ«ትራንስሌተር» ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ይሻገራል። ለዓይን አይመሳሰሉም፤ ግን አንዱ የመጀመሪያውን ቅርጽ፣ ሌላው አራተኛውን ወሰደ እንጂ ግሱ አንድ ነው።

ኮንፌሮ፣ ኮንቱሊ፣ ኮላቱም፤ አንድ ላይ ማምጣት። ኮንፈረንስ ከዚህ ነው። እኛ «ስብሰባ» ያልነው በዚያው ሐሳብ ነው።

ቅጥያው ከፊቱ ያለውን ፊደል እያየ ራሱን ይለውጣል። «አድ» ፌሮ ፊት «አፍ» ይሆናል፤ አፌሮ፣ አቱሊ፣ አላቱም። «ኦብ» ደግሞ «ኦፍ» ይሆናል፤ ኦፌሮ፣ ኦብቱሊ፣ ኦብላቱም። ሥራ ወይም ዋጋ «ኦፈር ተደረገልኝ» የምንለው ይሄ ነው።

ፌሮ በስም ኋላም ይገባል። ሉክስ ብርሃን ነው። ብርሃን ተሸካሚው «ሉኪፌር» ሆነ። ላቲኖች በንጋት የሚታየውን ኮከብ እንዲህ ብለው ጠሩት። ኢሳይያስ 14፥12 ላይ የኛው መጽሐፍ «አጥቢያ ኮከብ» የሚለውን የላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ቃል ነው ያስቀመጠው፤ ሉሲፈር የሚለው ስም የተስፋፋው ከዚያ ነው። ግሪኮች ያንኑ ኮከብ በራሳቸው ቃላት «ፎስፎሮስ» አሉት። ፎስ ብርሃን፣ ፎሮስ ተሸካሚ። በኬሚስትሪ ክፍል የተማርነው ፎስፈረስ ማለት ነው። ክሪስቶፈርም ክርስቶስን ተሸካሚ ነው።

ደረጃ 8፦ ያላወቃችሁትን ቅርጽ ፍቱ

አሁን ደብተሩን ገልብጡና ይህን ሞክሩ። ኢዮብ 1፥21 በላቲን እንዲህ ይላል፦

«ዶሚኑስ ዴዲት፣ ዶሚኑስ አብስቱሊት።»

ዶሚኑስ ጌታ ማለት ነው። ዴዲት ሰጠ። የቀረው «አብስቱሊት» ነው። በዚህ ቅርጹ መዝገበ ቃላት ውስጥ ብትፈልጉ አታገኙትም። እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ከኋላ ተነሡ፤ «ኢት» ኃላፊ ነው፣ የ«እሱ»። እሱን ስታነሡ «አብስቱል» ይቀራል። «ቱል» የፌሮ ኃላፊ ግንድ እንደሆነ ታውቃላችሁ። የቀረው «አብስ» ነው፤ «አብ» የሚለው ቅጥያ ሌላ መልክ ነው፣ ትርጉሙ «ከ... ወዲያ» ነው። ስለዚህ መዝገበ ቃላቱን የምትገልጡት አብ ሲደመር ፌሮ በሚለው ነው። በዚህ ግስ ላይ ደግሞ ፍ ፊት የሚቆመው «አው» ነው። ፈልጉ፤ አውፌሮ፣ አውፌርሬ፣ አብስቱሊ፣ አብላቱም። ከሰው እጅ ወስዶ መሄድ።

ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው የኖርነው ነው፤ «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔርም ነሣ።» ነሣ የሚለው «አብስቱሊት» ነው።